ሞጣ ያለው የአያቴ ጭን

ከቢቸና እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ እኔን ስማቸውን የማያውቅ በቅሎ እንኳ የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ጨውና ቡና ጭኜ ያንን ገደል ስወጣና ስወርድ ነብር መንገድ ይለቅልኝ ነበር፤ አዞ ደግሞ ሲያየኝ ከውሃው ወጥቶ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ያሳልፈኛል። የማያምን ካለ ይጠይቅ፤ አዞውን ማለቴ ነው።

ይህን ሁሉ ጀግንነት ይዤ ግን ሞጣ ለመሄድ ስምንት ዓመት ፈራሁ።

በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቢቸና ጠጅ ቤት ገብቶ ወሬ አመጣ። ሞጣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ተብሎ፣ ሙዚየም ተከፍቷል አለ። ከዓባይ በረሃ የወጣ፣ ዳይኖሰር የሚሉት የጥንት አውሬ አጥንት ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፤ አንዲት መነጽር ያደረገች ከወዲያ አገር የመጣች ሴት ቆማ ታስረዳለች። ጠጄን አስቀመጥኩ። አጥንቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። መነጽር ያደረገች ሴትም አንዲት አውቃለሁ፤ ይርጋነሽ ትባላለች።

ይርጋነሽ በ1968 በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ቢቸና የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ጠዋት ገበሬውን ፊደል ታስቆጥራለች፣ ከሰዓት ድንጋይ ትለቅማለች። በረሃውን አሳየኝ ብላ መንገድ መሪ አደረገችኝ። እየሄድን የምነግራትን ሁሉ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፤ «ጋሽ ስማቸው፣ እንዳትቀየመኝ፤ ያንተን ቃል ለአሥር እያካፈልኩ ነው የማሰፍረው» አለችኝ አንድ ቀን። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም በሃያ እያባዛሁ እነግራት ጀመር፤ ተካፍሎም ቢሆን ትንሽ እንዲተርፈኝ።

ናዳ ከገለጠው ገደል ሥር ያንን አጥንት ያየነው በዚያው ሰሞን ነው። ጭን ነበር። ቆፍረን ስናወጣው አገሬው ተሰበሰበ። መሪጌታ አካለ ወልድ መቋሚያቸውን ተደግፈው ብዙ አዩትና፣ ይህ ከጥፋት ውሃ በፊት ከነበሩት ከረዓይት፣ ከእነዚያ ግዙፍ ሰዎች የአንዱ ነው አሉ። የሰው አጥንት ከሆነ ደግሞ ዘመድ ሳይጠይቀው በበቅሎ አይጫንም፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይቀበራል ተባለ። ይርጋነሽ የሰው አይደለም እያለች ብትለምን ማን ሰማት። በመጨረሻ ዞራ እኔን አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

እኔም፣ ዘመዱ ነኝ አልኩ።

እዚያው ሰው ፊት አባቴን፣ አያቴን እያልኩ ሰባት ቤት ቆጠርኩ። ስምንተኛው ላይ የማውቀው ስም አለቀብኝ፤ ለአጥንቱ የሚመጥን አንድ ደጃዝማች ፈጠርኩለት። ድሮ ቢሆን ርስት ሊጠይቅ ነው ብሎ ሽማግሌው ሁሉ በቆመበት ይሟገተኝ ነበር። መሬት ግን በአዋጅ የሕዝብ ከሆነ ከርሟል፤ በአያቴ የሚቀና አልተገኘም። መሪጌታ ብቻ ጢማቸውን ዳበሱና፣ «መልካም። ዘመድ ካለው ተዝካሩን አውጣና ውሰድ» አሉኝ።

አወጣሁ። ሰባት ሰንጋ አረድኩ። ሰንጋም አልነበሩ፣ ሰባትም አልነበሩ፤ የነበረኝ አንድ ወይፈን ነው። ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው ጠላው ሲዞር ይርጋነሽ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ አጠገቤ ተቀምጣለች። ሰው እየመጣ «እግዜር ያጥናችሁ» ሲል «አሜን» ትላለች። አንድ ጊዜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ አያትህ እኮ ቅጠል በል ነበሩ አለችኝ። ሁለታችንም ፊታችንን ሸፍነን ሳቅን። ትከሻችን ሲንቀጠቀጥ ያዩ ሴቶች ያለቀስን መስሏቸው አብረውን አለቀሱ።

ሞጣ ያለው ትምህርት ቤት ዕቃ የሚቆለፍበት ክፍል ስለነበረው አጥንቱን በበቅሎ ጭነን በግንደወይን በኩል ሦስት ቀን ሄድን። ስለ ሦስቱ ቀኖች የማጋንነው የለኝም። ዝናብ ሲመጣ በአንድ ገሳ ተጠልለናል። ከአንድ አገልግል በልተናል። ሞጣ ስንለያይ፣ ለመስከረም እመለሳለሁ፣ የቀረውን አካሉን እናወጣለን አለች። መስከረም ገባ፤ እሷ አልመጣችም። ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ ስንቱን ወጣት እንደበላ ሁሉም ያውቃል። ሄጄ እስካልጠየቅሁ ድረስ ግን የለችም የሚለኝ ሰው አይኖርም። ስምንት ዓመት በዚያ አቅጣጫ ጭነት ያልተቀበልኩት ለዚህ ነበር።

አሁን ሾፌሩ አለች አለ።

የይለፍ ወረቀት ለመጠየቅ ቀበሌ ገባሁ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ፋንታ የጉዞውን ምክንያት ሲጠይቀኝ ዘመድ ጥየቃ አልኩት።

«ሞጣ ምን ዘመድ አለህ?»

«አያቴ።»

ፋንታ ያንን ተዝካር የበላ ሰው ነው። ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። «እንግዲያ ጢምህን የተላጨኸው ለአያትህ ነዋ» አለና ማኅተሙን መታልኝ።

መኪናው ላይ፣ ከእህል ጆንያ አናት ተቀምጬ፣ የምላትን አዘጋጀሁ። መጀመሪያ እቆጣለሁ። ከዚያ ምክንያቷን ሳትጨርስ ይቅር እላለሁ። ጋሼ አትበይኝ የሚለውን ግን የት ጋ እንደማስገባው ሳልወስን ሞጣ ደረስን።

ሙዚየሙ አንድ የመማሪያ ክፍል ነው። ጠረጴዛዎቹ ቀይ ጨርቅ ለብሰዋል፤ ድንጋይ የሆነ እንጨት አለ፣ ጥርስ የሚመስል ነገር አለ፣ መሐል ላይ ጭኑ ተጋድሟል። ቢቸና ስተርከው የቤት ምሰሶ ያክል ነበር፤ አሁን ቢያቆሙት ወገቤ ላይ መድረሱን እንጃ። ጠያቂ አጥቶ ከስቷል ብዬ አለፍኩት። ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታ ለሁለት የግብርና ሠራተኞች ታስረዳለች። ቁመቷ ልክ ነው። የጸጉሯ አሠራር ልክ ነው። የተላጨውን አገጬን ዳበስኩ።

ዞረች። የሚመሳሰለው መነጽሩ ብቻ ነበር።

በዛብሽ ትባላለች፣ ከናዝሬት የተመደበች የሳይንስ መምህርት። ካርዱን አነበበችልኝ፤ የዳይኖሰር ጭን አጥንት፣ ዓባይ በረሃ፣ 1968። ያገኘው ሰው ስም የለበትም። ለዚያ ብቻ ትምህርት ቤቱን መገለባበጥ ይገባኝ ነበር፤ የጠየቅሁት ግን ስለ ይርጋነሽ ነው። እንግዶቹ እስኪወጡ ጠበቀችና በሩን ገፋ አደረገችው። ስሟን ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ አሮጌ ወረቀት ላይ አይታዋለች። የቆዩትን መምህራን ስትጠይቅ አንዳንዱ ወሬ ይቀይራል፤ አንዱ ብቻ በ69 አዲስ አበባ ተይዛለች ብሏታል። ከዚያ ወዲያ የሰማ የለም።

«እርስዎ ግን ምኗ ነዎት?» አለችኝ።

ቢቸና ለጠየቀኝ ሁሉ እጮኛዬ ናት ብያለሁ። ቀለበቱ ስንት ግራም ወርቅ እንደነበረ ሳይቀር ተናግሬያለሁ። ሁሉም ምላሴ ላይ ተሰልፎ ቆሞ ነበር።

«መንገድ መሪዋ ነበርኩ» አልኩ።

ወንበር ሰጠችኝና ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ጠየቀችኝ። የምሳ ደወል እስኪደወል አወራሁላት፤ ምንም አልጨመርኩም። ካርዱ ላይ የእርስዎን ስም ልጻፈው ብትለኝ፣ የእሷን ጻፊ አልኳት። በሩን አየች። ይህ ስም እንዲህ ሰው በሚያየው ቦታ አይጻፍም አለች በቀስታ። ከዚያ ካርዱን ገለበጠችና ከጀርባው በእርሳስ ጻፈችው፤ መልሳም ቦታው አስቀመጠችው።

ቢቸና ከመኪና ስወርድ መሪጌታ አካለ ወልድ የዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሞጣ ማንን ፍለጋ እንደሄድኩ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«አገኘሃት?» አሉኝ።

አገኘኋት አልኩ። ትንሽ ወፍራለች፣ አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች፣ መሪጌታን ሰላም በልልኝ ብላለች አልኳቸው። የእኔን ውሸት እንደ ዳዊት በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ከዚያ ከአጠገባቸው ያለውን ድንጋይ በእጃቸው ጠረጉልኝ።

«ልጆቿን ማን ማን አለቻቸው?»

ቁጭ አልኩና ስም አወጣሁላቸው።