የሬገንስቡርግ ልምምድ በሃቫና ስትሪት

ደሊና ለወላጆቿ አርባኛ ዓመት የጋብቻ በዓል የወንዝ መርከብ ጉዞ በገዛችላቸው ጊዜ፣ እናቷ ኣኽበረት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ወንበር አለው?"

"ማሚ፣ ክሩዝ እኮ ነው። ኦል ወንበር ነው" አለች ደሊና።

ኣኽበረት በዚህ ረካች። እንግልውድ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ላውንደሪ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቆማ አንሶላ ስታጥፍ ኖራለች። ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀኝ ጉልበቷ ግን እስካሁን አላመነም።

ባሏ ኣፍሮም የጠየቀው ሌላ ነበር። "ስንት ሰዓት ነው የሚሄደው?" አለ።

ኣፍሮም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዴንቨር ሆቴሎች ወደ ኤርፖርት ሹትል ነድቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን በእሱ ምክንያት አውሮፕላን ያመለጠው አንድም መንገደኛ የለም። ይህንን ያልጠየቁት ሰዎች ሁሉ ያውቁታል።

መርከቡ በዳኑብ ወንዝ ላይ ስምንት ቀን ይጓዛል። ሌሎቹን ከተሞች አስጎብኚ ይዟቸው ይዞራል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ሬገንስቡርግ የምትባል አሮጌ የጀርመን ከተማ አለች፣ እሷን ተሳፋሪው በራሱ ነው የሚጎበኛት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይወረዳል። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መርከቡ ይሄዳል። ይህ ብሮሹሩ መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነው። ኣፍሮም በቢጫ ማርከር አሰመረበትና ደብተር ገዛ።

ሰኔ ሲያልቅ ፕሮግራሙ አሥራ አራት ተራ ቁጥር ነበረው። ኣኽበረት መነጽሯን አድርጋ አነበበችው።

"ሽንት ቤት፣ ስምንት ደቂቃ። ስምንት?"

"ወረፋ ይኖራል።"

"ድልድዩ ሥር ያለው ቋሊማ ቤት፣ አምስት ደቂቃ። በአምስት ደቂቃ ምን ይበላል?"

"አንበላም። የአሳማ ነው። ግን ስንት መቶ ዓመት የቆየ ቤት ነው፤ እናየዋለን።"

"ነፃ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። አብረን።" ቀና ብላ አየችው። "ቁጭ የምለውስ?"

ኣፍሮም ደብተሩን ተቀብሎ በጣቱ ከላይ እስከ ታች ወረደ። "ካቴድራሉ ውስጥ አግዳሚ አለ" አለ። "ሠላሳ አምስት ደቂቃ።"

በሳምንቱ ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። ወረቀት ላይ የሞላው ሰዓት በእግር መሙላቱን ሳያዩ እዚያ ድረስ መሄድ ልክ አይደለም አለ። በስልኩ ከመርከብ ማቆሚያው እስከ ድልድዩ፣ ከድልድዩ እስከ ካቴድራሉ ያለውን ርቀት ለክቶ ሲያበቃ ያንኑ ርቀት እዚያው ከተማቸው ባለው ሃቫና ስትሪት ላይ አግኝቶታል። የኮሪያኖቹ ሱፐርማርኬት ፓርኪንግ የመርከብ ማቆሚያው ነው። ቦዩ ላይ ያለችው ትንሽ ድልድይ ድልድዩ ናት። ካቴድራሉ ጎሚስታ ነው። ቅዳሜ ሄደው ሙሉውን ቀን ይለማመዱታል።

ኣኽበረት እምቢ ማለት ትችል ነበር። ኣፍሮም ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረው፤ እሷ ደግሞ የት እንደቀረ ታውቃለች። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው፣ ከተጋቡ ሁለት ወር ሳይሞላቸው። ገዳሪፍ ላይ ወደ ካርቱም የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ሳለ፣ ኣፍሮም ጀሪካን ውሃ ሊሞላ ወረደ። ሹፌሩ ሰው አልቆጠረም። ኣኽበረት መኪናው ላይ ሄደች፤ ኣፍሮም ጀሪካኑን ይዞ ቀረ። ካርቱም ላይ የተገናኙት ከአምስት ወር በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንስቶ አያውቅም፤ ለፀጉር ቆራጭ ቀጠሮ ግን ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል።

ስለዚህ "እሺ" አለች።

ቅዳሜ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ሱፐርማርኬቱ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናውን ፓርክ አደረገ። የሁለቱንም ስልክ ተቀብሎ ዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈባቸው፤ እዚያ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል። ከቦርሳዋም ዶላሯን አውጥቶ ከባንክ ያመጣውን ዩሮ ከተተላት።

"ወርደናል" አለ።

ሃቫና ስትሪት ላይ በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም። በስድስት መስመር መኪና ይነጉዳል፤ ሁለቱ ደግሞ በሐምሌ ፀሐይ በጠባቡ የእግረኛ መንገድ ላይ፣ ኣፍሮም ደብተሩን ይዞ ከፊት፣ ኣኽበረት ጃንጥላዋን ይዛ ከኋላ። አንዲት ሴት መኪናዋን አቀዝቅዛ የተበላሸ መኪና አላችሁ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ኣፍሮም አመስግኖ በፕሮግራማቸው መሠረት እየሄዱ መሆኑን ነገራት።

ጎሚስታው በር ላይ ቆመው ኣፍሮም አነበበ። "ይህ ካቴድራል ተሠርቶ እስኪያልቅ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ሁለት ማማ አለው።"

ኣኽበረት ቀና ብላ አየች። ጣሪያው ላይ ጎማ ተከምሯል።

ባለቤቱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣና ጎማ ፈልገው እንደሆነ ጠየቀ።

"ለማየት ብቻ ነው" አለ ኣፍሮም። ሰዓቱን ተመለከተ። "ሃያ ሰባት ደቂቃ ይቀረናል።"

ሰውዬው ጥቂት አሰበና ለኣኽበረት ወንበር አወጣላት። ሃያ ሰባቱን ደቂቃ ተቀመጠችበት።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ተራ ቁጥር አሥራ አንድ ላይ ደረሱ። አራት ደቂቃ ቀድመዋል፤ ኣፍሮም ፊቱ በርቷል። ኣኽበረት የስልክ እንጨት ተደግፋ ጉልበቷን ስታሽ ቆየችና "ነፃ ሰዓቴን ለብቻዬ ላድርገው" አለች።

"ለብቻሽ?"

"ነፃ ነው አላልክም?"

ኣፍሮም ደብተሩን አየው። ብዕሩን አውጥቶ "አብረን" የሚለውን ሰረዘው። "አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መርከቡ ይሄዳል።"

"አውቃለሁ።"

"ባትመጪም ይሄዳል።"

"አውቃለሁ ኣፍሮም።"

እሱ ሙዚየሙን ሊያይ ሄደ። እሷ መንገዱን ተሻግራ ወደ ደንበኛዋ ጤናዬ ሱቅ ገባች። ጤናዬ ቀሚስም፣ ቅመምም፣ ሻንጣም የምትሸጥ ጎልማሳ ናት፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ያለውን የራሷን ባለ መደገፊያ ወንበር ለቀቀችላት።

"ጋሽ ኣፍሮምስ?" አለቻት።

"ሙዚየም ነው።"

"የትኛው ሙዚየም፣ እትዬ?"

"ፈርኒቸር ቤቱ።"

ጤናዬ ከዚህ በላይ አልጠየቀችም። ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠቻትና ደንበኛ ልታስተናግድ ሄደች። ኣኽበረት ጫማዋን አወለቀች፤ እግሯን ሻንጣ ላይ ሰቀለች፤ ለአፍታ ዓይኗን ከደነች።

ስትነቃ አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት ነበር።

"ደክሞዎት አየሁና አሳዘኑኝ፤ አልቀሰቀስኩዎትም" አለች ጤናዬ።

"መርከቡ!" አለች ኣኽበረት፤ ጫማዋን ሳታስር ወጣች።

የሃቫና የትራፊክ መብራት ለእግረኛ አይቸኩልም። ፓርኪንጉ ጋ ስትደርስ የሱፐርማርኬቱ ሰዓት አሥር ከሠላሳ ሰባት ይላል። መኪናቸው ቆሞ በነበረበት ቦታ ላይ ነጭ ቫን እየገባ ነው።

ኣኽበረት ረድፉን ከዳር እስከ ዳር አየች። ሌላውንም ረድፍ አየች። መጀመሪያ የተሰማት፣ ለማንም የማትናገረው ቢሆንም፣ ኩራት ነው፤ ሰውየው እሄዳለሁ ያለውን አደረገ። ንዴቱ ከዚያ ቀጥሎ መጣ፤ መጥቶም አልሄደም።

ከመንገዱ ማዶ አውቶቡስ ሲመጣ አየችና ተሻግራ ተሳፈረች። ዩሮውን ዘረጋችለት። ሹፌሩ ገልብጦ አየው፤ ከየት እንደመጣች ጠየቃት። ከመርከብ እንደቀረች ነገረችው። ሹፌሩ አንዴ እሷን፣ አንዴ መንገዱን አይቶ ገንዘቡን መለሰላትና ግቢ በሚል እጁን አወዛወዘ። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ሌላ አውቶቡስ ቀይራ፣ ኦሪጅናል ኦሮራ ሰፈር ያለው አፓርታማቸው ስትደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው።

መኪናው በር ላይ የለም። ኣፍሮምም የለም። ልትደውልለት አሰበች፤ ስልኳ እሱ ዘንድ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው።

አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ኣፍሮም በአንድ እጁ ሁለት ስልክ፣ በሌላው ደብተሩን ይዞ ቆሟል። ግንባሩን ፀሐይ ለብልቦታል።

"መጣሽ" አለ።

"በአውቶቡስ።"

"በዩሮ ተቀበሉሽ?"

"በነፃ ነው።"

መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።

"እስከ መብራቱ ነው የሄድኩት" አለ።

"የቱ መብራት?"

"የመጀመሪያው። ቀይ ነበር። አረንጓዴ ሲሆን መሄድ አቃተኝ፤ ከኋላዬ ክላክስ አደረጉብኝ። ከዚያ ዞሬ ተመለስኩ። የለሽም።"

"እኔ ማዶ ነበርኩ።"

"በፕሮግራሙ መሠረት ፈለግኩሽ። ድልድዩን፣ ካቴድራሉን፣ ሁሉንም በተራ። ጎሚስታው፣ ሴትየዋ አልተመለሰችም፣ ብትመጣ አስቀምጣታለሁ አለኝ። ጤናዬ ጋ መጨረሻ ነው የገባሁት፤ ፕሮግራሙ ላይ አልነበረችም።"

"ለምን ሄድክ?"

"ካልሄደ ልምምድ አይሆንም ብዬ።" ደብተሩን ጨበጠ። ከዚያ፣ ቀና ሳይል፣ "የቀረ ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ጥሎ የሄደ ሰው ምን እንደሚሆን ነው የማላውቀው" አለ።

ኣኽበረት ስለ ገዳሪፍ እየተናገረ መሆኑ ገባት። በአርባ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

"እኔ አውቃለሁ" አለች።

"ምን አደረግሽ?"

አለቀስኩ ማለት ትችል ነበር። ደሊናም ዘመዱም እንደዚያ ነው የሚያውቀው፤ እሷም አስተባብላ አታውቅም።

"መጀመሪያ ጮህኩ። ሹፌሩ አልሰማኝም። ከዚያ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ፣ ሓየት የምትባል፣ ብስኩት ሰጠችኝ። በላሁ። ከዚያ ተኛሁ።"

"ተኛሽ?"

"እስኪነጋ።"

ኣፍሮም አሰበበት። "ስንት ብስኩት?"

"ሁለት። ሦስተኛውን ላንተ አስቀመጥኩት።"

"እሺ።"

"ካርቱም ስደርስ በላሁት።"

ኣፍሮም ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መስሏት ልትነሳ ስትል ሳቁ አመለጠው። ዓይኑን በደብተሩ ጠረገ። "አምስት ወር ሙሉ ስታለቅሺ ነበር የምትታዪኝ" አለ። "እዚያ ጀሪካኑ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ይቺ ልጅ ምንም ሳትበላ እያልኩ።"

"አልቅሻለሁ። በማግስቱ።"

ይህም እንደገና አሳቀው። ኣኽበረት ንዴቷን ገና አልጨረሰችም ነበር፤ ቢሆንም ተነስታ ወጥ አሞቀችለት። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላም፤ በምሳ ሰዓቱ አራት ደቂቃ ለማትረፍ ብሎ ሳይበላ ተነስቶ ነበር። እየበላ ጠየቃት። ካርቱም የት እንዳረፈች፣ ማን ቤት፣ ሓየት ኋላ የት እንደገባች። እሷም ነገረችው። እሱም ጀሪካኑን ለማን እንደሰጠው ነገራት።

ሰኞ ጠዋት ኣፍሮም መርከብ ድርጅቱ ጋ ደውሎ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው። ሰው ከመርከቡ ቢቀር ምን እንደሚደረግ ጠየቀ። ያነጋገረችው ልጅ በጣም ደስተኛ ናት። በየጊዜው የሚያጋጥም ነገር ነው አለችው፤ የቀረው ሰው ባቡር ይሳፈርና ፓሳው የምትባለው ቀጣይ ከተማ ላይ መርከቡን ይጠብቀዋል።

"መርከቡን ይጠብቀዋል?" አለ ኣፍሮም።

"አዎ። ባቡሩ ይቀድማል።"

ስልኩን ዘጋ። ከዚያ የባቡሩን ሰዓት ፈልጎ በሁለት ወረቀት ጻፈው፤ አንዱን ለራሱ ያዘ፣ አንዱን ለእሷ ሰጣት። ደብተሩንም ከፍቶ "አንቺ የምትፈልጊውን ንገሪኝ" አላት።

ኣኽበረት ካቴድራሉን፣ ሙዚየሙን፣ የማይበሉበትን ቋሊማ ቤት ለእሱ ተወችለት። እሱ ይዞር፤ እሷ ወንዙ ዳር ሻይ ይዛ ትጠብቀዋለች፤ ያየውን መጥቶ ይነግራታል። አንዱን ብቻ አስቀረች።

"ድልድዩን አብረን ነው የምናየው።"

"ሃያ አምስት ደቂቃ?"

"እስኪበቃኝ።"

ኣፍሮም "እስኪበቃት" ብሎ ጻፈ። ብዕሩን እንደያዘ ትንሽ ቆየና፣ ከጎኑ አርባ ደቂቃ ብሎ ጨመረበት።