እየቀነሰ የሄደው ቆጠራ

ሙዐዊያ አሶሳ ተወልዶ ያደገ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው። እዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ እያስተማረ፣ ለዶክትሬቱ ሙዮን ይቆጥር ነበር። ሙዮን ከሰማይ ሳያቋርጥ የሚወርድ፣ ጣሪያውንም ሰውንም ሰንጥቆ የሚያልፍ፣ ዓይን የማያየው ቅንጣት ነው። መቁጠሪያው ጥቁር ሣጥን ውስጥ የታሸገ፣ ጠረጴዛ የሚያክል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። ሙዮን ባለፈበት ቁጥር ፕላስቲኩ ብልጭ ይላል፤ ብልጭታውን መሣሪያው ይመዘግባል።

ሥራው ሁለተኛ ዓመቱን እንደያዘ ቆጠራው ይቀንስ ጀመር። ሙዐዊያ አልደነገጠም፤ እንዲያውም ልቡ ፈነጠዘ። ከሰማይ የሚወርደው ሙዮን ራሱ የቀነሰ፣ እሱም አዲስ ግኝት ላይ የደረሰ መሰለው። አዲስ አበባ ያሉት አማካሪው ፕሮፌሰር ታምሩም በስልክ ሲነግራቸው በርታ አሉት። እናቱማ ልጄ ዶክተር ሊሆን ነው ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አዳረሰች።

ክረምቱ አለፈ፣ በጋው ገባ፤ ቆጠራው ግን መውረዱን አልተወም። በመጨረሻ ከቤተ ሙከራው ባለሙያ ከሔለን ጋር ኤሌክትሪኩን አጥፍተው ሣጥኑን ከፈቱት። ፕላስቲኩ ወይቧል። ወደ መብራት ጠጋ ሲያደርጉት መላ አካሉ ፀጉር በመሰለ ቀጭን ስንጥቅ ተወርሷል። ሔለን አቧራ መስሏት በጨርቅ ደጋግማ ጠረገችው። የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀት ነው ቀስ በቀስ የበላው። የቀነሰው ሙዮኑ ሳይሆን የፕላስቲኩ ዓይን ኖሯል።

ያንኑ ከሰዓት ለፕሮፌሰሩ ደወለ።

«መሰንጠቅ የጀመረው መቼ ነው?» አሉት።

«አላውቅም።»

ማወቂያ አልነበረውም። የፕላስቲኩን አቅም በየጊዜው የሚፈትሸው ዕቃ ታዝዞ ነበር፤ መንገዱ በጸጥታ ችግር ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ የት እንደቀረ ሳይታወቅ ጠፋ። ያለ እሱ የትኛው ቁጥር ጤነኛ፣ የትኛው የታመመ እንደሆነ መለየት አይቻልም። አዲስ ፕላስቲክ ይገዛ ቢባል የምርምሩ የገንዘብ ድጋፍ አብቅቷል፤ ከዜሮ ይጀመር ቢባል ለዶክትሬቱ የተፈቀደለት ጊዜ አይበቃም።

«ጥፋቱ ያንተ አይደለም» አሉት ፕሮፌሰሩ። «ግን ለፈታኞቹ ምን ብዬ ላቅርበው?»



ማታ ቤት ሲገባ እናቱ ፊቱን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችው፤ ዕቃው ተበላሸ አላት። ጠጋኝ ይፈለግለት አለች። እንደማይጠገን ነገራት።

«ታዲያ ማንን እንለምን?»

«የሚለመን ሰው የለም፣ እማ።»

ምግቡን አቀረበችለትና አጠገቡ ተቀመጠች። 

በማግስቱ ሔለን መሣሪያው ተነቅሎ ዕቃ ቤት ይግባ እንደሆነ ጠየቀችው። ይግባ ማለት ነበረበት። እሱ ግን ሣጥኑን ገጥሞ ብርሃን እንዳይገባው ዙሪያውን በጥቁር ፕላስተር አሸገው፤ ኤሌክትሪኩንም መልሶ ሰካው። ቁጥሮቹ እየተንጠባጠቡ መምጣት ጀመሩ። ለጥናቱ እንደማይረቡ ሁለቱም ያውቃሉ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቹ እየጠበቁት ስለነበር ወደ ክፍል ሄደ።