የሽማግሌው ኮንከር

የማንኩሳው አያ ያረጋል ካርታን አጥብቀው ይጠሉ ነበር። ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ጎረቤት በድንበር ሲካሰስ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ታዲያ ጠቡ በምንም ይነሣ በምን፣ ምክራቸውን የሚጨርሱት ካርታን በመርገም ነበር። እንዲያውም ደረሰ የሚባል ጎረምሳ ገበሬ ጠላ ቤት ሲጫወት አግኝተውት፣ ካርታውን ከእጁ ነጥቀው እሳት ውስጥ ጨምረውበታል።

በክረምቱ መግቢያ በቆሎ ሊሸጡ ቡሬ ሄዱና መመለሻ መኪና አጥተው የቆየ ደንበኛቸው እህል ነጋዴው መሐመድአወል ቤት አደሩ። በማግስቱም ዝናቡ አላባራም። ገበያተኛ ስለሌለ መሐመድአወልና ሚስቱ ሳቢሃ የሱቁን በር ገርበብ አድርገው ኮንከር ሊጫወቱ ተቀመጡ።

«ሦስተኛ ሰው ቢኖር ጨዋታው ይደምቅ ነበር» አለች ሳቢሃ ካርታውን እየበወዘች።

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልነካም።»

«አይጫወቱ። ይያዙልን ብቻ።»

ያዙላቸው። ሳቢሃም አስረዳቻቸው። «ከመሀል አንድ ይስባሉ፣ የማይፈልጉትን ይጥላሉ። ተመሳሳይ ቁጥር ወይም ተከታታይ ሲሞላልዎት ያወርዳሉ። እጅዎ ላይ ያለው ካለቀ ዘጉ ማለት ነው። ጆከር ደግሞ የጎደለውን ሁሉ ይሞላል።»

አመሻሹ ላይ ዝናቡ አባርቶ መኪና መገኘቱ ሲነገራቸው፣ «ቆይ፣ ይቺን ልዝጋና» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በቆሎው በአንድ ጊዜ የሚሸጥ አልሆነም። በየገበያው ቀን ትንሽ ትንሽ እየጫኑ ቡሬ ይመላለሱ ጀመር። ሚስታቸው ያምሮት ዋጋ እስኪወደድ የሚጠብቁ መስሏት ብልህነታቸውን ለጎረቤት አወራች።

በዚህ መሀል ካርታው የተቃጠለበት የጎረምሳው የደረሰ ሚስት አቻምየለሽ አኩርፋ እናቷ ቤት ገባች። ምክንያቱ ካርታ ነው ተባለ። አያ ያረጋል ከሌላው ሽማግሌ ከአያ ሃይለ ሚካኤል ጋር ሊያስታርቁ ተቀመጡ። ደረሰ አንገቱን ደፍቶ የተለመደውን እርግማን ይጠብቃል። አቻምየለሽ ምንም አልተነፈሰችም።

አያ ያረጋል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ይዞ መቆየት ይጎዳል። ያለሽን አውርጂ።»

ደረሰ ቀና አለ።

«አንተም የማይረባህን ጣል እንጂ እጅህ ላይ አትከምር። ጆከር ይመጣልኛል እያልክ ስትጠብቅ ሌላው ይዘጋብሃል።»

አያ ሃይለ ሚካኤል ቅኔ መስሏቸው ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። አያ ያረጋል ምን እንዳሉ ለራሳቸው የገባቸው ያኔ ነው። በዚያ ብርድ ግንባራቸውን አላባቸው።

አቻምየለሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። «አያ ያረጋል፣ ካወረድኩ በኋላ እዚያው ላይ መቀጠል ይፈቀዳል?»

«እንዴታ፣ ይፈቀዳል» አሉ ሳያስቡት።

«እሱ አይፈቀድም ይለኛል። እኔ ካርታ ጠልቼ አይደለም የወጣሁት። ያስተማረኝ ራሱ ነው። መርታት ስጀምር ግን ካርታውን ይዞ ጠላ ቤት ገባ።»

«ታጭበረብራለች» አለ ደረሰ በቀስታ።

«አላጭበረብርም። ጆከር ሲደርሰው ፊቱ እየበራ ያስታውቅበታል እንጂ።»

አያ ያረጋል ጥቂት አሰቡና ፈረዱ። ደረሰ ከቤቱ ውጭ ካርታ እንዳይነካ፣ ቤቱ ውስጥ ግን ሚስቱን እንዳይከለክል።

«ካርታው አይቃጠልም?» አሉ አያ ሃይለ ሚካኤል ግራ ተጋብተው።

«ማቃጠሉን ሞክረነው የለ? ምን ፈየደ?»

አቻምየለሽ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሳምንት ሳይሞላ ግን ባልና ሚስቱ በካርታው ተከታታይ ላይ ከንጉሥ ቀጥሎ አስ ይገባል አይገባም በሚል ተጣሉና አያ ያረጋልን አስጠሩ።

«ከባድ ጠብ ነው፤ ቶሎ አልመለስም» አሏት ለያምሮት። መነጽራቸውን ከሣጥን አውጥተው በጋቢያቸው ጫፍ እየወለወሉ ወጡ።