ከውጭ የመጣው ስቲክ

ጥቁሯ ኳስ ጥግ ካለው ቀዳዳ ስትገባ ነጯ የመታችበት ቦታ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። ቆጣሪው ስቲኩን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ቀና አለ። ላለመሳቅ ከንፈሩን ነክሷል።

«ዛሬም ጠራረገን» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ቆይ፣ አንተ ነህ የምትጫወተው ወይስ ስቲኩ?»

ቆጣሪው የሚሉት ከቤት ቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ የሚያነብ ስለሆነ ነው። ሠላሳ ሊሞላው ነው። ከስድስት ወር በፊት በዚህ ፑል ቤት ገባም ወጣም ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። የቤቱን የጋራ ስቲክ፣ ያንን ጎባጣውን፣ ወረፋ ጠብቆ ይይዝና ተሸንፎ ያስረክባል። የራሱን ይዞ ከመጣ ወዲህ ግን ሰዉ ጠረጴዛውን ከቦ ያየዋል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ካልመጣም «የት ጠፋ?» ይባላል።

ስቲኩን ከሩቅ ላየው ምኑም አያስደንቅም። ሱቅ የሚሸጡት እሳት የሚተፋ ዘንዶ የተሳለባቸው፣ በወርቅ ቀለም የተለቀለቁ ናቸው። ይሄ እጀታው ጠቆር ያለ ወይራ፣ የፊት ዘንጉ ነጣ ያለ እንጨት ሆኖ ሁለቱ የሚጋጠሙበት ላይ ክር የምታህል የቀንድ ቀለበት አለችው። ሌላ ምንም የለበትም። አንዴ የጨበጠው ግን መመለስ ይከብደዋል። መዳፍ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ የት እንዳለ አይታወቅም፤ ሲመቱበትም እጅን አይነዝርም።

«እስኪ ላየው» አለ መሐንዲሱ። እሱ በመኪናው ኋላ አንድ ቦርሳ ሙሉ ስቲክ ይዞ የሚዞር ሰው ነው። ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን አገላበጠው። «ፊርማ እንኳ የለውም። ይሄ የአዋቂ ሥራ ነው፤ አዋቂ ስሙን አይለጥፍም። የት አገር ነው ያልከኝ?»

«ውጭ ነው። አጎቴ ነው የላከልኝ» አለ ቆጣሪው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ውጭ የሚኖር አጎት የለውም። ስቲኩን የሠሩለት አባቱ ናቸው። መጀመሪያ ቀን ፀጉር አስተካካዩ ሲጠይቀው «አባቴ» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ታየው። አባትህ ምን ይሠራሉ? አባቱ ሆስፒታሉ ጀርባ የሬሳ ሳጥን ይሠራሉ። እዚያ ቤት የተሠራ ስቲክ ማን በእጁ ይነካል? ቀልዱ ብቻ ለዓመት ይበቃል። «አጎቴ» አለ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ ጠፋ። በሁለተኛው ወር አጎትየው ሥራ አገኘ፤ ባለፈው ወር ደግሞ ሚስት አገባ።

«ማንን ፈልገው ነው፣ አባት?» አለች የቤቱ ባለቤት ወደ በሩ።

ቆጣሪው ዞር ሲል አባቱ ሰማያዊ የሥራ ካፖርታቸውን እንደለበሱ በሩ ላይ ቆመዋል። ሰጋቱራው ከቅንድባቸው እንኳ አልረገፈም። እዚህ ቤት መጥተው አያውቁም፤ እሱም ኑ ብሏቸው አያውቅም። መቼ እንደደረሱ ከፊታቸው ለማወቅ ሞከረ። የአጎትየውን ወሬ ሰምተዋል።

«ማንንም አይደለም» አሉ ባለቤቷን። «ሳልፍ ጨዋታው ስቦኝ ነው።»

ነገሩ ውሸት ብቻ አልነበረም። ሽማግሌው ፑል ሲጫወቱት አይተው አያውቁም። ስቲኩን የሠሩት ልጃቸው ያመጣላቸውን የስቲክ ስባሪ እየለኩ ነው። ነጩን ዘንግ በቶርኖ እያሽከረከሩ ትንሽ ይልጡትና እንዳይጎብጥ በክር ከጣሪያው ላይ አንጠልጥለው ሁለት ሳምንት ይተዉታል፤ ከዚያ ያወርዱና እንደገና እንደ ወረቀት የሳሳ ልጣጭ ያነሱለታል። እንዲህ ስምንት ጊዜ። ሁሉም በሳጥን ሥራ መሀል ነው፤ ሳጥን ነገ አይባልማ።

«ይምጡ፣ ይግቡ» አለ መሐንዲሱ። «እንጨት የሚያውቁ ሰው ነዎት፤ ልብስዎ ያስታውቃል። እስኪ ይህን ዕቃ ይዩልን።» ስቲኩን ለቆጣሪው መልሶ በአገጩ ወደ ሽማግሌው አመለከተው።

ቆጣሪው ሦስት እርምጃ ሄዶ ዘረጋላቸው። «ይያዙት፣ አባት» አለ፣ መንገድ ላይ ለማንም ሽማግሌ በሚባልበት ድምፅ። ጆሮው ሲግል ተሰማው።

አባቱ ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አስተኙትና በመዳፋቸው አንከባለሉት። ጎንበስ ብለው ከሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ አዩ። የትም አላለፈም። ለአፍታ ፊታቸው ፈካ።

«ሠሪው አልቸኮለም» አሉ።

«የት የተሠራ ይመስልዎታል?» አለ መሐንዲሱ።

ሽማግሌው ልጃቸውን አላዩትም። ዓይናቸው ስቲኩ ላይ ነበር። «ሩቅ ነው» አሉ። «እዚህ እንዲህ የሚሠራ የለም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ቆጣሪው በወደደ። አባቱ ስቲኩን መለሱለት። «ግድግዳ አታስደግፈው፣ ልጄ፤ ይጎብጣል» ብለው ማንም ሽማግሌ ማንንም እንደሚመክር መክረውት ወጡ።

ተከትሏቸው በረንዳው ድረስ ወጣ። «አባባ» ሊል አየር ሳበ፤ በረንዳው ላይ የተቀመጡ ሦስት ተጫዋቾች ቀና ብለው አዩት። አየሩን ዋጠው። አባቱ እየሄዱ የካፖርታቸውን እጅጌ ያራግፋሉ። መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን፣ ከዚያ ቅንድባቸውን። ሰጋቱራው ነው ያሳፈራቸው።

በሚቀጥለው ጨዋታ ልጅ እንኳ የማይስተውን ኳስ ሳተ። ሁለተኛውንም ሳተ።

«አጎትህ ቢያይህ ያፍርብሃል» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ስልኩን ስጠኝ እንጂ» አለ መሐንዲሱ። «የአጎትህን። ለእኔም አንድ ያስሠራልኝ፣ ዋጋውን አልጠይቅም።»

«እሰጥሃለሁ» አለ ቆጣሪው። ስቲኩን ፈትቶ ከማኅደሩ ከተተና ጨዋታውን ሳይጨርስ ወጣ።

አባቱ ሱቃቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ግራጫ ጨርቅ የለበሰ ሳጥን ተጠናቅቆ ተቀምጧል። ሲያዩት አልተነሡም፣ አልተቆጡምም።

«ሳጥን የሚሸከምልኝ ልጅ ታሟል» አሉ። «ሳጥኑን ያዘዙት ሰዎች ደግሞ ሦስት ጊዜ ደወሉ። አንዱን ጫፍ ትይዝልኝ እንደሆነ ብዬ ነበር የመጣሁት። ከዚያ ሥራ ላይ ነህ ብዬ ተመለስኩ።»

«ሥራ አይደለም፣ አባባ። ጨዋታ ነው።»

«ሰው ሁሉ አንተን ነበር የሚያየው። ደስ አለኝ። ቀጥ ብሎ ይሄዳል አይደል?»

«ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። አባባ፣ እኔ ያልኩት...»

«ተወው» አሉ። «እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር። ከዚህ ቤት የወጣ ዕቃ በደስታ የሚገዛ አይቼ አላውቅም።»

በጥፊ ቢሉት ይቀለው ነበር። ምክንያት ፈልገውለት፣ ለእሱ ብለው የእጃቸውን ሥራ ክደው፣ አሁን ደግሞ ያጽናኑታል። በልጅነቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጓደኞቹ እስኪያልፉ ጥግ ላይ ተደብቆ ነበር ወደዚህ ሱቅ የሚገባው። ያንንም ያውቁ ኖሯል።

«የማን ቤት ነው?» አለ።

«ከፑል ቤቱ ሁለት ቤት አልፎ፣ አረንጓዴው በር።» ሽማግሌው ተነሥተው ክዳኑን አጠበቁ። «በጀርባው መንገድ እንሂድ። ትንሽ ይረዝማል፤ ግን ጭር ያለ ነው።»

«በዋናው ይቀርባል።»

«በረንዳው ላይ ሰዎች አሉ።»

«አይቻቸዋለሁ» አለ። የስቲኩን ማኅደር በትከሻው አንግቦ ቀበቶውን አጠበቀ።

አባቱ ማኅደሩን አዩ፣ ከዚያ እሱን አዩ። «እንግዲያው አንተ ከኋላ ያዝ» አሉ ቀስ ብለው። «ሰው የሚያየው ከፊት ያለውን ነው።»

ቆጣሪው በሳጥኑ ዙሪያ ዞሮ የፊቱን እጀታ ያዘ።