ያልሞላው አንደኛ ክፍል

ታቢታ ጂማ ከተማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ማስተማር የጀመረችው ከኮሌጅ በወጣች ማግስት ነበር። ከሀዲያ ለትምህርት መጥታ በዚያው የቀረች ልጅ ናት። ለወላጆቿ ስድስተኛ ስትሆን ከእሷ በታች ሦስት አሉ፤ የልጅ ጫጫታ አይከብዳትም። በመጀመሪያው ዓመት ሰማንያ ልጅ ሰጥተዋት፣ አንድ ዴስክ ላይ አምስት አምስት አስቀምጣ በመሃላቸው ማለፊያ ስታጣ፣ "ቤቴ ያለሁ መሰለኝ" ብላ ስቃ ነበር ያለፈችው።

ከዚያ ወዲህ የልጆቹ ቁጥር በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ቀነሰ። ዘንድሮ ጭራሽ ምዝገባው ሊዘጋ ሲል እንኳ ወረፋ ጠፋ። ርዕሰ መምህርቷ እትዬ ውቢት ቢሮ አስጠሯት።

"ተቀመጪ ልጄ። ሦስት የነበረው አንደኛ ክፍል ዘንድሮ ሁለት ሊሆን ነው። ሦስተኛውን የሚሞላ ልጅ አላገኘንም። በመጨረሻ የተቀጠርሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። አሰንዳቦ በኩል አስተማሪ አጥተው ይጮኻሉ፤ ወደዚያ መዛወርሽ አይቀርም።"

ታቢታ መሄድ አልፈለገችም። ጂማን ለምዳለች፤ ቤተ ክርስቲያኗ እዚህ ነው፣ እጮኛዋ ሆሴዕም እዚሁ ነው የሚሠራው።

"ልጆቹ የት ሄደው ነው?" አለች።

"የግል ትምህርት ቤቶቹ ወስደዋቸው ይሆናላ።"

"ቤት ያስቀሯቸውም ይኖራሉ። ይፍቀዱልኝና ቤት ለቤት ዞሬ ልፈልጋቸው።"

እትዬ ውቢት የሚገኝ ነገር ይኖራል ብለው አላመኑም። ቢሆንም ልጅቷ አሳዘነቻቸውና፣ "ሂጂ፣ ሞክሪ" አሏት።

የታቢታ አከራይ አዴ ነኢማ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ጊንጆ ውስጥ እሳቸውን የማያውቅ ቤት ስለሌለ፣ አብረዋት ሊዞሩ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ለጭቃው ቦቲ ጫማ አድርገው ወጡ።

መጀመሪያ የሄዱት በቅርብ ወዳለው የግል ትምህርት ቤት ነው። ባለቤቱ ለሚ በሩ ላይ ተቀብሎ፣ "እኔስ የናንተ ትምህርት ቤት የወሰደብኝ መስሎኝ ነበር" አላቸው። የእሱም መዋዕለ ሕፃናት ግማሹ ባዶ ነበር።

ከዚያ በየግቢው ገቡ። ታቢታ የጠበቀችው ትምህርት የተከለከለ፣ ወይ ቤት ጠባቂ የሆነ ልጅ ማግኘት ነበር። አንድም አላገኘችም። ዕድሜው የደረሰው ሁሉ ተመዝግቧል። ግን አንዱ ቤት አንድ ልጅ፣ ሌላው ቤት ሁለት፤ አንዳንዱ ግቢ ውስጥ ደግሞ አሮጊትና ሽማግሌ ብቻ ፀሐይ ይሞቃሉ። አዴ ነኢማ አንድ ሰማያዊ በር አጠገብ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"እዚህ ቤት ዘጠኝ አዋልጃለሁ" አሉ። "የመጨረሻዋ ሀዋ ናት። አሁን እሷ እናቷን ይዛ እዚሁ ትኖራለች።"

ሀዋ መንገድ ዳር በተከፈተችው የልብስ ስፌት ክፍሏ ውስጥ መኪናዋ ላይ ነበረች። አዴ ነኢማን ስታይ ብድግ አለች። "ኮታ፣ ኮታ፣ ኑ ግቡ" ብላ ወንበር ሳበችላቸው። ከጀርባዋ እናቷ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለዋል፤ ከስምንቱ እህት ወንድሞቿ በየወሩ አንዱ እየመጣ ያግዛታል።

"ስንት ልጆች አሉሽ?" አለቻት ታቢታ።

"ሁለት፣ አልሀምዱሊላህ። ትልቁ እናንተ ጋ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ትንሿ ገና ናት።"

"ሌላ አታስቢም?"

ሀዋ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አላቀቀችና እናቷን ዞር ብላ አየች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ወንድሞቼና እህቶቼ ወልደው ሥራ ሲሄዱ ልጆቻቸውን ያዘልኩት እኔ ነኝ" አለች። "በዚያ የተነሳ ከሦስተኛ ክፍል ቀረሁ። ልጆቼ እንደዚያ እንዲሆኑ አልፈልግም። ሁለቱን በደንብ ላሳድግ ብለን ከባሌ ጋር ተስማማን።" ጨርቁን እያጠፈች ጨመረች፦ "ቲቸር፣ ቦታ ከተረፋችሁ ለእኔ አይሆንም? ልጄ የቤት ሥራ ሲጠይቀኝ አፍራለሁ።"

ታቢታ የሀዋን ስም ደብተር ላይ መዘገበች። "እጠይቅልሻለሁ" ብቻ አለቻት።

ቤት ሲመለሱ ጃፓን የሚማረው የአዴ ነኢማ ልጅ ሬድዋን በቪዲዮ ደወለ። እናቱ የዋሉበትን ነገሩት። ሳቀ።

"እማዬ፣ እኔ ያለሁባት ከተማ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ቆየ። አሁን የአዛውንቶች መኖሪያ ነው። ሰፈሩ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ ከሰማሁ ወር አልፎኛል።"

"ያ አላህ" አሉ አዴ ነኢማ። "ታዲያ ማን ይጦራቸዋል?"

"ጭንቀታቸው እሱ ነው። እነሱ ልጅ መቀነስ የጀመሩት ድሮ ነው። የእኛ አገር ገና ወጣት ነው፤ ጂማ ስላላችሁ ነው እንጂ ወደ ገጠሩ ብትወጡ አሁንም ልጅ በልጅ ነው።"

ታቢታ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። "መምህሮቹስ? ሲዘጋ የት ገቡ?"

"አንዷ አከራዬ ናት። እዚያው ክፍል ውስጥ አዛውንቶችን ስፖርት ታሠራለች።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ታቢታ ቁጭ ብላ አሰበች። እናቷ ዘጠኝ ወለደች። ታላቅ እህቷ አራት ወልዳ "በቃኝ" አለች። እሷና ሆሴዕስ? ከመታጨታቸው በፊት "ሁለት ይበቃናል" ብለው ተስማምተዋል። ክፍሉን ያጎደለውን ሰው ስትፈልግ ነው የዋለችው፤ ለካ አንዷ ራሷ ናት። ሳታስበው ሳቀች።

በማግስቱ እትዬ ውቢት ፊት ቆመች።

"ልጆቹ አልጠፉም። መጀመሪያውኑ አልተወለዱም።"

"እና ይኼ ደስ የሚል ነገር ነው?"

"ላሉት ልጆች አዎ። ሁለቱ ክፍሎች ውስጥ አንድ ዴስክ ላይ ሁለት ልጅ ይቀመጣል። አስተማሪው የሁሉንም ስም ያውቃል። እኔ ሰማንያ ሳስተምር የአንዳንዱን ድምፅ እንኳ ሳልሰማ ዓመቱ አልቆብኛል።"

"አንቺስ?"

"እኔ አሰንዳቦ እሄዳለሁ። ልጆቹ ያሉት እዚያ ነው። ግን አንድ ነገር ልለምንዎት፤ ባዶ የሚሆነውን ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት ለእናቶች ይፍቀዱልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ አስተምራለሁ።"

እትዬ ውቢት መነጽራቸውን አወለቁ። ጡረታቸው ተቃርቧል፤ አዲስ ጣጣ አይፈልጉም ነበር። በመስኮቱ ባዶውን ሜዳ አዩና፣ "ቁልፉ እኔ ጋ ይሁን" አሉ። "ሒሳቡን ግን እኔ አስተምራለሁ። አንቺ ሒሳብ ላይ ትቸኩያለሽ።"

አሰንዳቦ የጠበቃት ክፍል የመጀመሪያ ዓመቷን አስታወሳት፤ አንዳንዱ ልጅ መስኮት ላይ ተቀምጦ ይማራል። ታቢታ በፈረቃ ከፈለቻቸው፣ ከወላጆችም ጋር ሆና ለተጨማሪ ክፍል ግድግዳ አስጀመረች። ሳምንቱን እዚያ ከርማ ቅዳሜ በሚኒባስ ጂማ ትገባለች፤ ሆሴዕ መናኸሪያ ይጠብቃታል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አዴ ነኢማ ራሳቸው ያዋለዷቸውን ሴቶች ከየቤቱ እየጠሩ አመጡ። ሴቶቹ ለሰባት ዓመት ልጅ በተሠራው ዴስክ ጉልበታቸው አልገባ እያለ በጎን ተቀመጡ። ሀዋ ትንሿን ልጇን ከባሏ ጋር ትታ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ታቢታ ጠመኔ ሰጥታ ሰሌዳ ላይ ስሟን አስጻፈቻት። "ሀ"ን ጥሩ አድርጋ ጻፈች፤ "ዋ" ላይ ሲደርስ እጇ ቆመ።

"ይኼኛው እግሩ ወዴት ነው?" አለች።

ከኋላ አንዷ፣ "ወደ ታች፣ ሀዋዬ" አለቻት። እትዬ ውቢት በር ላይ ቆመው ሒሳቡን ለማስተማር ተራቸውን እየጠበቁ ነበር።