ምላጭ ያስጣለኝ ፎቶ

ደም ግፊት ያለበት ሰው ሞልቷል፤ የእኔን ግን መለኪያው ራሱ አልቻለውም። ነርሷ ክንዴ ላይ አስራ ስትነፋው የመለኪያው ጠቋሚ ጫፍ ደርሶ ተንቀጠቀጠ። «ተበላሽቷል» ብላ ሌላ አመጣች። ሁለተኛውም ያንኑ አለ። እኔ የሄድኩት ራሴን ስላመመኝና ዓይኔን ብዥ ስላለኝ ነበር፤ ያውም በእግሬ፣ እያፏጨሁ።

ጭንቅላቴን በኤምአርአይ አንስተውኝ ሲያበቁ ሐኪሞቹ ምስሉን ከበቡት። ሃያ ይሆናሉ። ሚስቴ ሦስት ነበሩ ትላለች፤ እሷ ደግሞ ሰው መቁጠር አትችልም።

«ጋሼ፣ እጅዎን ያንሱ» አለኝ ወጣቱ ሐኪም። አነሳሁ። «እግርዎንም።» አነሳሁ።

«አንጎሉ እንዲህ ያበጠ ሰው በቃሬዛ ነበር መምጣት ያለበት» አለ። «ግፊት ሲበረታ እብጠቱ የሚታየው ብዙ ጊዜ በአንጎል የኋላ ክፍል ነው። የእርስዎ ግን ከአከርካሪ ጋር በሚገናኝበት ግንዱ ላይ ነው፤ ላየው ሰው ዕጢ ይመስላል። እኔ የግፊቱ ሥራ ነው ባይ ነኝ። ቀስ አድርገን ስናወርደው ይጠፋል።»

«እንዲህ ያለ አይተህ ታውቃለህ?»

«በመጽሐፍ ብቻ።»

በመጽሐፍ ብቻ! ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ሰው ካለ እሱ ይታከም።

ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ በከተማው እጄ ያልነካው ራስ የለም። ከሆስፒታል እንደወጣሁ ፎቶውን መስታወቴ አጠገብ ሰቀልኩት።

«ይሄ ነጩ ምንድን ነው?» ይላሉ ደንበኞቼ።

«አንጎሌ ነዋ! እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ። ዶክተሮቹ ቆሜ ስሄድ አይተው አለቀሱ።»

በሁለተኛው ወንበር የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ጎተተኝ። «ጋሼ፣ አውርደው በሞቴ። ሰው ይሸሻል።»

«ቅናት ነው። ያንተን ማን ያነሳዋል?»

ወረፋው ግን ቀስ በቀስ ወደ እሱ ዞረ። እኔ ሥራ ፈትቼ ቆሜ እንኳ «እሱን እጠብቃለሁ» ይሉ ጀመር። ወንበሬ የጋዜጣ ማስቀመጫ ሆነ።

መድኃኒቴን ሳላዛንፍ ዋጥኩ። በሁለተኛው ፎቶ እብጠቱ ድራሹ ጠፍቷል፤ የቀረው ማንም ተራ ሰው የሚይዘው ዓይነት አንጎል ነው። እሱንም ከመጀመሪያው ጎን ሰቀልኩት።

«ተው እንጂ» ብለው ሳቁ። «ይሄ የወንድምህ ነው!»

ስሜን ትተው «አሥር እጥፍ» የሚሉኝ፣ ያወራሁትን ሁሉ ለአሥር የሚያካፍሉ ሰዎች፣ እብጠቱን ግን ሙሉውን ወሰዱት። መዳኔን ነው ያካፈሉት።

አንድ ቀን የልጅነት ጓደኛዬ፣ ታክሲ ነጂው፣ መጥቶ ወንበሬ ላይ ቁጭ አለ። ጋዜጦቹን ያነሳልኝ ራሱ ነው። ፀጉሩን እንደ ንጉሥ አስተካከልኩት፤ ንጉሥም እንዲህ ተስተካክሎ አያውቅም። አረፋ ቀብቼ ምላጩን አንገቱ ላይ ሳስጠጋ ምራቁን ሲውጥ በጣቴ ተሰማኝ።

«ቆይ፣ ቆይ። እጅህ…»

«እጄ ምን ሆነ? እየው! ዐለት ነው።»

«ዐለት ነው። እኔ ግን ልጆች አሉኝ። አንገቱን ታናሽህ ይጨርሰው። አትቀየመኝ፣ ወንድሜ።»

«አንተም?»

ታናሼ መጥቶ ምላጩን ከእጄ ላይ ወሰደ፤ ቀና ብሎ አላየኝም። ጓደኛዬ ዓይኑን ጨፈነና አንገቱን ሰጠው። እኔ ፎጣውን ይዤ ቆምኩ።