ስትሞቅ የምትጠፋው

አናጢው ስትሞቅ የምትጠፋበትን አሮጌ የጣልያን ሞተር ሳይክል ግቢው ውስጥ ሲፈታና ሲገጥም ከረመ። ዛሬ ካርቡራተሯን አጥቦ መለሰና የፊት ፍሬኗን ገመድ ነቅሎ ግራሶ ሊፈልግ ወደ ጓዳ ገባ። ወዲያው ሞተሯ ስትነሳ ሰማ። ታናሽ ወንድሙ ነው፤ «አንዴ ልሞክራት» እያለ ሲጨቀጭቀው ነበር።

አናጢው ክው አለ። የዚች ጉደኛ የእግር ፍሬን እንደ አዳዲሶቹ በቀኝ ሳይሆን በግራ ነው፤ በቀኝ ያለው ማርሽ ነው! የፊቱ ፍሬን ገመድ ደግሞ ይኸው እጁ ላይ።

እየሮጠ ወጣ። ወንድሙ ወደ ዋናው አስፋልት ይከንፋል፤ በቀኝ እግሩ ደጋግሞ ይረግጣል፤ ከድንጋጤው ብዛት ጭራሽ ነዳጅ ይሰጣታል።

«እባክሽ» አለ አናጢው ገመዱን ጨምድዶ፣ «ዛሬን ብቻ አትዳኚብኝ!»

አስፋልቱ አፋፍ ላይ ሁለቴ አስሏት እንደ ልማዷ ጸጥ አለች።

ወንድሙ በንዴት ዞረ። «ጋሼ፣ አሁንም አልዳነችም እኮ!»